የአገር ዕዳ ተከፍሎ ያልቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ መንግሥት ዕዳ በተወራ ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች ያው ናቸው። ከፍሎ የጨረሰ አገር አለ ወይ? ገንዘብ አትሞ መክፈል አይቻልም? ሕዝቡ ቢያዋጣስ? እነዚህ ሁሉ በታሪክ ተሞክረዋል። አንዳንዶቹ ከአንድ ጊዜ በላይ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕዳ «ቀነሰ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ክርክሩ የሚበዛውም ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው። አንደኛው የዕዳው ገንዘብ ራሱ ሲቀንስ ነው። ሁለተኛው ዕዳው ባለበት ቆሞ አገሪቱ ስትከብር ነው። በወር 1,000 የሚያገኝ ሰው 5,000 ዕዳ ቢኖርበት እንቅልፍ ያጣል። ገቢው 10,000 ቢገባ ግን ያው 5,000 አያስጨንቀውም። ለዚህ ነው ዕዳ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ የሚነገረው።

ሌላም ልዩነት አለ። ሰው ያረጃል፣ ይሞታል፤ አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ በጊዜ ክፈለኝ ይላል። መንግሥት ጡረታ አይወጣም። ቦንዱ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ አዲስ ቦንድ ሸጦ የድሮውን ይከፍላል። ግለሰብ እንዲህ ቢያደርግ ከአንዱ ተበድሮ ለሌላው የሚከፍል ተብሎ ይታማል። ለመንግሥት የዘወትር ሥራ ነው።

ዕዳውን ከናካቴው ከፍሎ የጨረሰ ትልቅ አገር አለ?

አለ። አሜሪካ፣ በጃንዋሪ 1835።

አሜሪካ ከጅምሯ ባለዕዳ ነበረች። የነጻነት ጦርነቱ የተካሄደው በብድር ነው። የመጀመሪያው የግምጃ ቤት ኃላፊ አሌክሳንደር ሐሚልተን በ1790 የክፍላተ ግዛቶቹን የጦርነት ዕዳ ጭምር ለፌዴራሉ መንግሥት አሸከመው። ድምሩ ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር መጣ። ሐሚልተን ይህን እንደ ሸክም ብቻ አላየውም። ዕዳ ከመጠን ካላለፈ ለአገር በረከት ነው ባይ ነበር።

በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አንድሩ ጃክሰን ይህን አባባል ሊሰማ አይወድም። ምክንያት ነበረው። በወጣትነቱ መሬት ሸጦ የክፍያ ሰነድ ተቀበለ። ሰነዱን ፈርሞ ዕቃ ገዛበት። ከዚያ የመሬቱ ገዢ ከሰረ፤ ዕዳው ዞሮ ጃክሰን ጫንቃ ላይ ወደቀ። ከዚህ ለመውጣት ዓመታት ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ባንክ፣ ወረቀት ገንዘብና ዕዳ የሚሉት ነገር አይዋጥለትም። በ1829 ፕሬዚዳንት ሲሆን የተረከበው ዕዳ ወደ 58 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል።

በምን ከፈለው? አንደኛ፣ ወጪ ቆረጠ። በ1830 ኮንግረስ ያጸደቀውን የሜይስቪል መንገድ ድጋፍ ውድቅ ማድረጉ የታወቀ ነው። ሁለተኛ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተጣለው ቀረጥ ከባድ ነበር። ሦስተኛ፣ የምዕራቡ መሬት ሽያጭ ጦፈ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ጽሑፎች በአንድ ሐረግ ያልፉታል፤ ሊታለፍ ግን አይገባም። መሬቱ ባለቤት ነበረው። ከነባር ሕዝቦች በውልም በጉልበትም ተወስዶ ነው ለገበያ የቀረበው። እነሱን ወደ ምዕራብ የሚያፈናቅለው ሕግም የወጣው በዚያው በ1830 ነው።

ጃንዋሪ 8፣ 1835 ዋሽንግተን ውስጥ ግብዣ ተደርጎ የዕዳው ማለቅ ተበሰረ። በግምጃ ቤቱ መዝገብ የዚያ ዓመት መጀመሪያ ቁጥር 33,733 ዶላር ከ5 ሳንቲም ነው። ለአንድ መንግሥት ይህ የኪስ ገንዘብ ነው።

ከዚያስ ምን ሆነ?

ደስታው ሦስት ዓመት አልዘለቀም።

ዕዳው ሲያልቅ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ትርፍ ገንዘብ ይከማች ጀመር። ጃክሰን ከማዕከላዊው ባንክ ጋር ተጣልቶ ስለነበር የመንግሥት ገንዘብ በየክፍላተ ግዛቱ ባንኮች ተበተነ። ባንኮቹ አበደሩት። ተበዳሪዎቹ የመንግሥት መሬት ገዙበት። የመሬቱ ዋጋ ተመልሶ ግምጃ ቤት ገባ፤ ከግምጃ ቤት ባንክ፣ ከባንክ እንደገና መሬት። በ1836 ብቻ የመሬት ሽያጩ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በዚያው ዓመት ጃክሰን መሬት የሚሸጠው በወርቅና በብር ብቻ ነው የሚል ትእዛዝ አወጣ። ኮንግረስ ደግሞ ትርፉ ለክፍላተ ግዛቶች ይታደል አለ።

በ1837 ባንኮች ወረቀታቸውን በወርቅ መመንዘር አቆሙ። ረጅም የኢኮኖሚ ድቀት ተከተለ። በሦስት ዙር 28 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከታደለ በኋላ አራተኛው ዙር ቀረ፤ የሚታደል የለማ! የፌዴራሉ መንግሥትም ተመልሶ ተበደረ። ዕዳ መክፈሉ ቀውሱን ወለደ ማለቴ አይደለም። የጥጥ ዋጋ መውደቁና የእንግሊዝ ባንክ ወለድ መጨመሩም እጃቸው አለበት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የፌዴራሉ መንግሥት ከዕዳ ነጻ ነኝ ሲል ክፍላተ ግዛቶቹ ለቦይ፣ ለባቡር ሐዲድና ለባንክ ማቋቋሚያ እየተበደሩ ነበር። እስከ 1842 ድረስ ስምንቱ፣ የፍሎሪዳ ግዛትም ተጨምራ፣ መክፈል አቃታቸው። ዕዳው ቤት ቀየረ እንጂ ከአገር አልወጣም።

ታዲያ ትልልቆቹ ዕዳዎች እንዴት ቀለሉ?

ባብዛኛው ሳይከፈሉ። ቀልድ አይደለም።

ብሪታንያ በ1815 ከናፖሊዮን ጦርነቶች ስትወጣ ከ800 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረባት። ከዓመታዊ ምርቷ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው። ከጦርነቱ ማግስት ከመንግሥት ገቢ ግማሽ የሚበልጠው ለወለድ ይሄድ ነበር። መቶ ዓመት ቆይቶ በ1914 ዕዳው 650 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በመቶ ዓመት የተከፈለው ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ከምርቷ ጋር ሲነጻጸር ግን ወደ 30 በመቶ ግድም ወርዷል። ፋብሪካውና ባቡሩ አገሪቱን አሳደጋት፤ ዕዳው እዚያው ቀረ። መንግሥትም በሰላም ዘመን ከሚሰበስበው በላይ ላለማውጣት ይጠነቀቅ ነበር።

ወለዱን ማን ይከፍል ነበር? የገቢ ግብር በ1816 ስለተሻረ ለብዙ ዓመታት ገቢው የሚሰበሰበው እንደ ሻይ፣ ስኳርና ብቅል ካሉ ዕቃዎች ቀረጥ ነው። ሻይ ጠጥታ ሥራ የምትገባ ልብስ አጣቢ ቦንድ ላለው ባለጸጋ ትከፍል ነበር ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ወለድ ማስቀነስ ነው። በ1888 የግምጃ ቤቱ ሹም ጆርጅ ጎሸን 3 በመቶ የሚከፈልባቸውን ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ቦንዶች ሰበሰበ። ባለቦንዱ ወይ ገንዘቡን ይወስዳል፣ ወይ በ2.75 በመቶ ይቀጥላል። ከ1903 ጀምሮ ደግሞ 2.5። አብዛኛው ቀጠለ፤ ገንዘቡን ወስዶ የተሻለ የሚያኖርበት ቦታ አልነበረውም። ይህ ዘዴ የሚያዋጣው የገበያው ወለድ ሲረክስ ብቻ ነው።

አሜሪካም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዲሁ ሆነች። በ1946 በሕዝብና በድርጅቶች እጅ ያለው የፌዴራል ዕዳ 242 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከምርቱ 106 በመቶ ነበር። በ1974 ዕዳው 344 ቢሊዮን ገብቷል። ጨምሯል! ከምርቱ ጋር ሲተያይ ግን ከሩብ በታች ነው። እድገት አለበት፣ የዋጋ ንረት አለበት፣ ለዓመታት ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ወለድም አለበት። በጦርነቱ ጊዜ ለአገሬ ብሎ ቦንድ የገዛ ሰው ገንዘቡን ሲያስመልስ የገዛው ዕቃ ካሰበው ያነሰ ነበር። ግብር ተብሎ አልተጠየቀም፤ ግን ከፍሏል።

ለዕዳ መክፈያ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ አያዋጣም?

ሲያዩት የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። በ1772 ሪቻርድ ፕራይስ የተባለ ሰባኪና የሒሳብ ሰው አንድ ስሌት አቀረበ። ክርስቶስ ሲወለድ አንድ ፔኒ በ5 በመቶ የወለድ ወለድ ቢቀመጥ ኖሮ፣ በእሱ ዘመን ምድርን የሚያካክሉ 150 ሚሊዮን የወርቅ ኳሶች ይሆን ነበር አለ። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ፖለቲከኛ እንዴት ዝም ይላል? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት በ1786 በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚገባበት የዕዳ መክፈያ ፈንድ አቋቋመ።

ትርፍ ገቢ እስካለ ድረስ ሠራ። በ1793 ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሲጀመር ትርፉ ጠፋ። ፈንዱ ግን አልቆመም። መንግሥት በውድ ወለድ እየተበደረ በርካሽ ወለድ የያዘውን የድሮ ዕዳ ይከፍል ጀመር። አንድ ጉድጓድ ለመድፈን ሌላ የሰፋ ጉድጓድ መቆፈር ማለት ነው። በ1813 ሮበርት ሐሚልተን የተባለ የአበርዲን ሊቅ ቁልጭ አድርጎ አሳየ፤ ዕዳ የሚቀንሰው ከወጪ የተረፈ ገቢ ብቻ ነው፣ ሳጥን መቀያየር አይደለም። ፈንዱ በ1829 ተዘጋ።

ከዚህም የሚገርም አለ። በ1927 ማንነቱ እንዲደበቅለት የፈለገ አንድ ሰው 500,000 ፓውንድ ለብሪታንያ ሰጠ። ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ገንዘቡ ተጠራቅሞ መላውን ብሔራዊ ዕዳ መክፈል እስኪችል አይነካም። ገንዘቡ አደገ። ዕዳው ደግሞ ከእሱ በላይ ሮጠ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2022 ገንዘቡ ለዕዳው ቅነሳ እንዲውል ተወሰነ። ያኔ ወደ 600 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኖ ነበር፤ ዕዳው ከ2 ትሪሊዮን በላይ። አንድ ሺህኛው እንኳ አይሞላም።

ሕዝብ አዋጥቶ መክፈል ይችላል?

ኮሪያውያን ሁለት ጊዜ ሞክረውታል።

የመጀመሪያው በ1907 ነው። ኮሪያ በጃፓን ጫና ሥር ሆና 13 ሚሊዮን ወን ዕዳ ተቆልሎባት ነበር። ዴጉ ከተማ ላይ የተነሱ ሰዎች ሒሳብ ሠሩ። 20 ሚሊዮን ሰው ለሦስት ወር ትምባሆ ቢተው፣ በወር 20 ጆን (የወን አንድ አምስተኛ) ቢቆጥብ፣ 12 ሚሊዮን ወን ይሆናል። ወንዶች ትምባሆ ተዉ። ሴቶች የጣት ቀለበታቸውንና የፀጉር ጌጣቸውን አወጡ። ጃፓን ይህን ዝም ብላ አላየችም፤ እንቅስቃሴውን አዳክማ በተነችው። በ1910 አገሪቱን ጠቀለለች።

ሁለተኛው በ1998 መጀመሪያ ነው። የእስያው የገንዘብ ቀውስ ደቡብ ኮሪያን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ደጅ አቁሟት ነበር። ሰው ወርቁን ይዞ ተሰለፈ። የጋብቻ ቀለበት፣ ለሕፃን የመጀመሪያ ልደት የተሰጠ ቀለበት፣ የስፖርት ሜዳልያ። 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ተሳትፎ ከ220 ቶን በላይ ወርቅ ተሰበሰበ፤ ዋጋው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር። ብዙው ስጦታ እንዳልነበረ ልብ በሉ። ሰዎቹ ዋጋውን በወን ተቀብለዋል። አገሪቱ የፈለገችው ወርቁን ወደ ውጭ ሸጣ ዶላር ማግኘት ነው። ደቡብ ኮሪያ ከድርጅቱ የተበደረችውን በኦገስት 2001፣ ከቀጠሮው ሦስት ዓመት ገደማ ቀድማ ጨረሰች።

ወርቁ ብቻውን አይበቃም ነበር። ዋናውን ሥራ የሠራው የውጭ ንግዱ ነው። በመሐል ደግሞ ብዙ ሠራተኛ ከሥራ ወጥቷል። እሱ በሰልፉ ፎቶ ላይ አይታይም።

አንጀትን አስሮ ቶሎ መክፈልስ?

ሩማንያ ይህን እስከ ጥግ ሄደችበት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነውን የውጭ ዕዳ ሙልጭ አድርጌ እከፍላለሁ ብሎ ተነሳ። ምግቡ ለውጭ ገበያ ተላከ። አገር ውስጥ ዳቦ፣ ዘይትና ስኳር በራሽን ሆነ። ክረምት ላይ ቤቶች ማሞቂያ አጡ። አምፖል ደብዛዛ ሆነ። የቴሌቪዥን ስርጭት በሥራ ቀናት ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ፤ እሱም ባብዛኛው ስለ መሪው ነው። በአፕሪል 1989 ዕዳው ተከፍሎ ማለቁ ታወጀ። በዲሴምበር ሕዝቡ አመፀ፤ ቻውሼስኩና ሚስቱ በገና ዕለት ተረሸኑ።

በ1920ዎቹ ብሪታንያም ያለ አምባገነን ተመሳሳይ ጥብቅነት ሞክራ ነበር። ወጪ ቆረጠች፣ ግብር ከፍ አድርጋ ያዘች፣ ፓውንድን ወደ ድሮ የወርቅ ዋጋው መለሰች። ዋጋና ደሞዝ ወረደ፣ ኢኮኖሚው ደነዘዘ። ዕዳው ከምርቱ አንጻር በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው በልጦ ተገኘ።

ሳይበደር የከፈለ አገር አለ?

ሄይቲ። በአማርኛ «ዕዳ ከሜዳ» የሚባለው ይኸው ነው።

ባሪያ ተደርገው የኖሩ ሰዎች ፈረንሳይን ድል አድርገው በ1804 ነጻ አገር አቋቋሙ። በ1825 የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ወደባቸው ላይ ቆሙ። ነጻነታችሁ እንዲታወቅ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ትከፍላላችሁ ተባሉ፤ ለቀድሞ ባሪያ አሳዳሪዎች ካሳ። ለማነጻጸር ያህል፣ ፈረንሳይ በ1803 ከሄይቲ ከሰባ እጥፍ በላይ የሚሰፋውን ሉዊዚያናን ለአሜሪካ የሸጠችው በ80 ሚሊዮን ፍራንክ ነው። ሄይቲ የመጀመሪያውን ክፍያ ለመክፈል ከዚያው ከፓሪስ ባንኮች 30 ሚሊዮን ተበደረች። እጇ የገባው 24 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ቀሪው አስቀድሞ ተቆርጦ ቀረ። በ1838 ጠቅላላው ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ተደረገ። ከዚህ ጋር የተሳሰሩት ብድሮች ተከፍለው ያለቁት ግን በ1947 ነው።

የተሰረዘላቸውስ?

ምዕራብ ጀርመንን ማንሳት ይበቃል። በፌብሩዋሪ 1953 ለንደን ላይ አበዳሪዎቿ ዕዳዋን በግማሽ ገደማ ቀነሱላት። ቀሪውን በረጅም ዓመታት፣ የውጭ ንግዷ በሚችለው መጠን እንድትከፍል ተስማሙ። ከተስማሙት አገሮች አንዷ ግሪክ ናት፤ ይህ ነገር ከ2010 በኋላ በግሪክ ዕዳ ክርክር ላይ ደጋግሞ ተነስቷል። ከ1920ዎቹ ብድር የተጠራቀመ ወለድ ጀርመን እስክትዋሐድ ይቆይ ተብሎም ተቀመጠ። ስለዚህ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ካሳ ጋር የተያያዘው የመጨረሻ ክፍያ የተፈጸመው ኦክቶበር 3፣ 2010 ነው።

ናይጄሪያ በ2005 ከፓሪስ ክለብ፣ ማለትም ከአበዳሪ መንግሥታት ስብስብ፣ ጋር ተደራድራ 18 ቢሊዮን ዶላር ተሰረዘላት። 12 ቢሊዮን ያህሉን ግን ከነዳጅ ገቢዋ በጥሬው ከፍላለች።

አትሞ መክፈልስ?

ይቻላል፤ ዕዳው በራስ ገንዘብ ከሆነ። ጀርመን በ1923 አድርጋዋለች። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ያስወጣት 154 ቢሊዮን ማርክ በዚያ ዓመት ኖቬምበር ሲመነዘር 4 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገብቶ ነበርና። ዕድሜ ልኩን የቆጠበውን በመንግሥት ቦንድ ያኖረ አስተማሪ ወይም ጡረተኛ ባዶ እጁን ቀረ። ዕዳው በውጭ ገንዘብ ከሆነ ግን ማተሚያው አይረዳም።

ረጅም ጊዜ የፈጀው ክፍያ የትኛው ነው?

ብሪታንያ በ2015 የመክፈያ ቀን የሌላቸውን የድሮ ቦንዶቿን ጠቅልላ ከፍላ ዘጋች። ከውስጣቸው በ1720 ከተንኮታኮተው የሳውዝ ሲ ኩባንያ ጣጣ የሚመዘዝ ዕዳ ነበረበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 ከአሜሪካ የተበደረችውን 3.75 ቢሊዮን ዶላር የጨረሰችውም በ2006 መጨረሻ ነው።

ፊንላንድ ደግሞ ለየት ትላለች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአሜሪካ ከተበደሩት አገሮች አብዛኞቹ በ1930ዎቹ መክፈል አቆሙ። እሷ ቀጠለች፤ የመጨረሻውን በ1976 ከፈለች። አሜሪካም ከ1949 ጀምሮ ፊንላንድ የምትከፍላትን ገንዘብ ለፊንላንዳውያን የትምህርት ዕድል አዋለችው።

ዕዳ ማለቁ ራሱ ችግር ሊሆን ይችላል?

በ2000 አሜሪካ ይህን ከልቧ አስባበታለች። ከ1998 ጀምሮ በጀቷ ትርፍ ያሳይ ነበር። በዚሁ ከቀጠለ ዕዳው በጥቂት ዓመታት ይጠፋል ተባለ። የመንግሥት ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ቦንድ የሌለበት ዓለም ምን ይመስላል ብለው ጻፉ። ጡረታ ፈንዶች ገንዘባቸውን የት ያኑሩ? ማዕከላዊው ባንክ በምን ይነግድ?

ኒውዮርክ ውስጥ ሲሞር ደርስት የተባለ የሕንፃ ባለሀብት በ1989 ያሰቀለው የዕዳ ሰሌዳ ነበር። ዕዳው ሲጨምር ቁጥሩ ይሮጣል። በ2000 ቁጥሩ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ለዚያ አልተሠራም። በሴፕቴምበር አጥፍተው በመጋረጃ ሸፈኑት። በ2002 መጋረጃው ተነስቶ ሰሌዳው እንደገና በራ። በ2008 ዕዳው 10 ትሪሊዮን ሲያልፍ የቁጥር ቦታ አለቀበት፤ የዶላር ምልክቷን አንስተው በቦታዋ «1»ን አስገቡ።